ወይ ፍንክች እና እርጥቡ ድርቆሽ

ባሏ በሕይወት እያለ ድርቆሹን የሚያሳስረው እሱ ነበር። ዘንድሮ ግን ሁሉም ነገር ሴትዮዋ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ አራት የወተት ላሞች፣ አንድ መስክ ሙሉ የታጨደ ሳር፣ በዚያ ላይ እየጠቆረ የሚመጣ ሰማይ። ሳሩን ዝናብ ከመታው ላሞቹ የሚበሉት የላቸውም፤ ቢያንስ ሁለቱን መሸጧ ነው። የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ያለውን ሰው መቅጠሯን ሲሰሙ ጎረቤቶቿ «ማንን? ወይ ፍንክችን? በይ እንግዲህ ቻይው!» ብለው ሳቁባት። ሰውየው አንዴ እምቢ ካለ አለ ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው።

በቀጠሮው ቀን በጠዋት ማሽኑን በትራክተር እየጎተተ መጣ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ የተከመረው ሳር ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። አንድ ጭብጥ አውጥቶ ጠመዘዘና አሸተተው።

«እትዬ፣ ይሄን ማታ ነው የከመሩት?»

ልቧ ድንግጥ አለ። ዝናቡን ፈርታ ሳይደርቅ ሰብስባው ነበር፤ ላይ ላዩ ይንኮሻኮሻል፣ ሥሩ ግን እርጥብ ነው።

«ትንሽ ቢረጥብ ምን አለበት? እሰርልኝ በቃ!»

«አላስርም።»

«ሳሩ የኔ፣ ላሞቹ የኔ! አንተ ምን ቸገረህ?»

«አላስርም አልኩ እኮ።»

ደሟ ፈላ። ግትር አለችው፣ ባሏ በሞተባት ሴት የሚጨክን አለችው። ኧረ እሱ እቴ! ኮቱን አውልቆ ትራክተሩ ላይ ሰቀለና «ሁለት መንሽ ይኖርዎታል?» ሲል ጠየቃት። ሳሩን እንዲደርቅ ሲበትኑ፣ ሲገለብጡ እኩለ ቀን አለፈ። እሷ ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል ሠራች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብዛኛው ደረቀና ማሽኑን አስነሳ። ያኔ ነው ትንፋሿ መለስ ያለላት።

በመስኩ ረባዳ በኩል ያለው ግን አልደረቀም፤ ዝናቡም ማካፋት ጀመረ። ለመነችው፣ አለቀሰች። «ይሄኛው ይቅርብዎት» ብሎ ትራክተሩ ላይ ወጣ።

እንዴት ይቅር! ስንት የለፋችበትን? እሱ ከዓይኗ እንደራቀ ያንን እርጥብ ሳር በሸክም አመላልሳ፣ ከበረቱ ጋር በተያያዘው ድርቆሽ ቤት ጥግ ጠቅጥቃ አስገባችው። አሁን ገና ላሞቼ ተረፉ ብላ ደስ አላት።

በአምስተኛው ቀን ሰውየው ማንም ሳይጠራው መጣ። ሰላምታው እንኳን በቅጡ ሳያልቅ ድርቆሽ ቤቱ ገብቶ እጁን ጥጉ ላይ ወዳለው ክምር ሰደደ። ወዲያው መንጭቆ አወጣው።

«ላሞቹን ያውጡ! ቶሎ!»

እሷ ላሞቹን እየነዳች ስታስወጣ እሱ ክምሩን በመንሽ እየዛቀ ወደ ደጅ ወረወረው። እርጥቡ ሳር ታምቆ ከውስጡ በራሱ ግሏል፤ መሐሉ ጠቁሯል፤ ይጨሳል። አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ ድርቆሽ ቤቱም በረቱም አመድ ነበሩ። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ስድብ አስታውሳ በኀፍረት ተሸማቀቀች።

«ልጄ፣ እዚህ መክተቴን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለ፣ የተቃጠለ እጁን የውሃ ባልዲ ውስጥ እየነከረ። «ወንድሜም እንደ እርስዎ አልቅሶ ለመነኝ። እኔም እሺ ብዬ እርጥቡን አሰርኩለት። በረቱ ከመንደዱ በፊት፣ በአምስተኛው ቀን ሄጄ ግን አላየሁለትም።»