አራተኛዋ ማሽን ለምን ትቆማለች

ሀገራችን ለምን ደሃ እንደሆነች የታወቀው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቃሊቲ ባለ አንድ የምስማር ፋብሪካ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው ጽሑፌ ስለሚያምር አይደለም፤ እጄን አውጥቼ እንደማልናገር ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። በኛ መሥሪያ ቤት የማይናገር ሰው ቢያንስ ይጻፍ የሚል ደንብ አለ፤ ደንቡን የጻፈው ግን የለም።

የሥራ መደቤ «የዕቅድና ክትትል ባለሙያ» ይባላል። ዕቅዱን የሚያቅዱት ሌሎች ናቸው፤ እኔ አለመሳካቱን እከታተላለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፌ አንዳንድ ሀገሮች ሲያልፍላቸው ሌሎች ለምን ወደኋላ እንደሚቀሩ የሚያትት ነበር። አንድም ፋብሪካ ሳልረግጥ ጻፍኩት፤ በጥሩ ውጤት አለፈ። አማካሪዬም ረግጠው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

የዚያን ቀን ስብሰባ የተጠራው ከእስያ እንግዳ ስለመጣ ነው። ሰውየው የምስማር ማሽን አዋቂ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ፎቶ አሳየን። ፎቶው ላይ ያለችው ማሽን ከኛዋ አራተኛ ማሽን ጋር ቁርጥ አንድ ነበረች፤ አረንጓዴ ቀለሟ፣ ጎኗ ላይ ያለው ምልክት፣ ዕድሜዋ ሳይቀር። ልዩነቱ ያለው አጠገቧ ነው። እነሱ ጋ አንዲት ሴት አራት ማሽን ትቆጣጠራለች። እኛ ጋ አንዲት ማሽን አራት ሰው ይከባታል፤ የአራተኛው ሥራ ሄዶ መካኒክ መጥራት ነው።

እንግዳው «ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ እንደገባኝ የጠየቀው ስለ ማሽኗ ነው። ስብሰባው ግን ስለ ሀገር እንደተጠየቀ ወሰነ።

የሽያጭ ኃላፊው ቀደመ። «ኮሪያ እኮ ከኛ በታች ነበረች» አለ። ይህች ዐረፍተ ነገር የማንኛውም የኢኮኖሚ ውይይታችን መክፈቻ ጸሎት ናት፤ እሷ ሳትባል ማንም ወደ ጉዳዩ አይገባም። የግዥ ኃላፊዋ ነገሩ የአየር ጠባይ ነው አለች። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚሞቅ ሕዝብ ምን አስጨንቆት ይሠራል፤ በረዶ የሚወርድበት ግን ካልሠራ ይሞታል። እንግዳው የመጣበት ከተማ ከቃሊቲ ይልቅ እንደሚሞቅ ሻይ ሰዓት ላይ ነግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም እንዳለችው ጻፍኩ። የሂሳብ ሹሙ በዓል በዝቷል አለ፤ እሱ ራሱ ሰኞን ከእሑዱ በዓል ጋር አያይዞ ቀርቶ መምጣቱ ነበር። የመጋዘን ኃላፊው ደግሞ ቅኝ አለመገዛታችን ነው የጎዳን አለ።

«የተገዙትስ ምን አተረፉ?» አለችው የግዥ ኃላፊዋ።

«እነሱ በደንብ አልተገዙም።»

ሁሉንም ጻፍኩ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጃችን ተናገሩ። «ዞሮ ዞሮ የአመለካከት ችግር ነው» አሉ። ቤቱ ሁሉ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። አመለካከት ደህና ምክንያት ነው፤ መለዋወጫ አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም፣ ችግሩም ሁልጊዜ ያለው ሌላ ሰው ላይ ነው።

እንግዳው ሁሉም እስኪተረጎምለት በትዕግሥት አዳመጠና «ማሽኗ ስትበላሽ ምን እንደተደረገላት የምትጽፉበት ደብተር የት ነው?» አለ።

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ።

«ጋሼ ጋ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እሳቸውስ የት አስቀምጠውታል?»

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰቡና በጣታቸው ጭንቅላታቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

ጋሼ የምንላቸው ዋናው መካኒካችን ናቸው። የጡረታ ዕድሜያቸው ካለፈ ቆይቷል። ሆኖም አራተኛዋን ማሽን ከሳቸው በቀር የሚያስነሳት ስለሌለ ውላቸው በየስድስት ወሩ ይታደሳል። ያኔ የያዙት ውል የሚያበቃው በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነበር።

ተያይዘን ወደ ማሽኖቹ ወረድን። አራተኛዋ እንግዳ አክብራ ቆማ ጠበቀችን። አሠራሯ ከባድ አይደለም፦ ሽቦ ከጥቅሉ እየተፈታ ይገባል፤ ሁለት የብረት መንጋጋዎች ነክሰው ይይዙታል፤ መዶሻ መትቶ ራስ ያወጣለታል፤ ቢላ ጫፉን ይቆርጠዋል። መንጋጋዎቹ ስላረጁ ግን ሽቦው ይንሸራተትና ራስ የሌለው ምስማር ይወጣል። ራስ አለመኖር በሌላ የሥራ መስክ ብዙም ባያስቸግርም ለምስማር አይሆንም።

ጋሼ መጡ። የቱታቸውን ጃኬት በሰፊው ከፈት አድርገው ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጡ። አንዱን መካኒክ «ጨርቅ አምጣ» ሌላውን «ዘይት አምጣ» ብለው ላኩ። ጨርቁ ከኋላ ኪሳቸው ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። ጥቂት ጎንበስ ብለው ቆዩና ቀና ሲሉ ማሽኗ ተነሳች። እንግዳው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኩ ቀርጿል። የቀረጸው የጃኬት ጀርባ ነው።

ሲሰናበት ለሥራ አስኪያጃችን አንድ ምክር ብቻ ሰጠ፤ እኚህ ሰው የሚያውቁትን ጻፉት አለ። ሥራ አስኪያጃችን በደስታ ተቀበሉት። «እንደ ምርጥ ተሞክሮ እንቀምረዋለን» አሉ። መቀመር ማለት አንድ ሰው የሚሠራውን ሥራ፣ ሥራውን የማይችል ሌላ ሰው እንዲጽፈው ማድረግ ነው። ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ ዝምተኛ ነሽ» አሉኝ። «ጋሼ አይሰለቹሽም።»

ከማግስቱ ጀምሮ አራተኛዋ ማሽን አጠገብ ደብተሬን ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ሰላምታዬን ተቀብለው ከዚያ በኋላ ረሱኝ። ሰው ሁሉ ስለሚረሳኝ አልተከፋሁም፤ እዚህ ላይ እንዲያውም ጠቀመኝ። ጋሼ የሚደብቁት መፍቻ ከያዘ ሰው ነው። እስክሪብቶ ከያዘች ልጅ የሚደበቅ ነገር መኖሩን አላሰቡትም። ለመካኒኮቹ ጀርባቸውን ሲሰጡ ፊታቸው ወደኔ ሆነ።

ምስጢሩ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። ጣሳውን በመቀስ ቆርጠው የጥፍር ያህል ቁራጭ ያወጣሉ፤ ከአንደኛው መንጋጋ ጀርባ ይሸጉጡታል፤ ያኔ ያረጀው መንጋጋ ወደፊት ይገፋና ሽቦውን አጥብቆ ይይዛል። ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ማሽኗ ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ ወፍራሙ የድልህ ጣሳ ነው የሚገባው። ስትሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ያንን አውጥተው በስሱ የለስላሳ ጣሳ ይተኩታል። መሙቀቷን የሚያውቁት መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አሳርፈው ነው፤ እናት የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካ። ዋናው መለዋወጫ ከውጭ እንዲመጣ ከተጠየቀ ዘመን አልፎታል፤ ወረፋ ላይ ነው። እስከዚያው የፋብሪካው ምርት በድልህ ቆሟል።

አራት ዓመት ስለ ምርታማነት ተምሬ ምርታማነትን በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። የጥፍር ያህል ናት። ሁሉንም ጻፍኩ፣ ሳልኩም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ግቢው ውስጥ የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«እስቲ ያን ደብተር አምጪው።»

መነጽራቸውን አደረጉና ገጽ በገጽ አነበቡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ስህተት ነው።»

«የቱ ጋሼ?»

«ወፍራሙ ጠዋት ነው ብለሻል፤ ልክ ነው። ክረምት ላይ ግን እስከ አምስት ሰዓት አይወጣም። ይሄ ሥዕል ደግሞ የተገለበጠ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ከሆነ ሽቦውን ይፍቀዋል። አምጪው እስክሪብቶውን።»

ሥዕሉን በራሳቸው እጅ አስተካከሉት። ቀስት ጨመሩበት፤ ከቀስቱ አጠገብም «እዚህ ጋ» ብለው ጻፉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሰው እንደገና አገላበጡት።

«ሁሉንም አይተሻል ለካ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ እኮ ስልክሽን የምታዪ መስሎኝ ነው። የዛሬ ልጅ አንገቱን ከደፋ ስልክ ነው ብዬ።» ትንሽ ሳቁ። «ለአለቃ ልትሰጪው ነው?»

«ታዝዤ ነው።»

«አውቃለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አቃቂ በሰቃ አንድ ፋብሪካ ስሠራ ሁለት ልጆች አስተምሬ ነበር። ጎበዞች ነበሩ። አንዲት ነገር አልደበቅኳቸውም። ልጆቹ ሥራውን ሲይዙት ሽኝት ተደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ። በመስታወት የገባ የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። ጋቢውን ይዘው የቆሙት ራሳቸው ልጆቹ ነበሩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጋቢው ይሞቃል፤ ክፉ አይደለም። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አከራዬ ስትመጣ ታነበዋለች።»

የመጨረሻ ልጃቸው ነርስነት እየተማረች እንደሆነና ሁለት ዓመት እንደሚቀራት ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። የምትማረው በሳቸው ደመወዝ ነው። እሱን አላነሱትም።

«አንቺ የተማርሽው ይሄንኑ ነው አሉ» አሉኝ። «ሀገር ለምን አያልፍለትም የሚለውን።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ መልሱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር። «ተቋማት ናቸው» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«እሱ ምን ማለት ነው?»

ላብራራ ቀና ስል አየሁት። ዲግሪ ይዤ ያልገባኝ ነገር እፊቴ የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ነበር። ባዶ ቃል ሆኖ የኖረው ተቋም ማለት፣ አንድ ሰው የሚያውቀውን ለሌላው አስተምሮ ሲያበቃ በማግስቱም ሥራ እንደሚገባ እርግጠኛ የሚሆንበት ነገር ነው። በዚያኛው ሀገር ያለው መካኒክ ደብተሩ ላይ የጻፈው ከጋሼ የተሻለ አመለካከት ስላለው አይደለም። መጻፉ ስላላስባረረው ነው። ይህ ፎቶው ላይ አይታይም።

ጋሼ መልሴን ብዙም አልጠበቁም። ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ።

«ያየሽው ያንቺ ነው፤ አልቀማሽም። የክረምቱን ግን ጨምሪ። ሰው ያነበዋል፤ የተሳሳተ ነገር አይጻፍ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ሰነዱ የት ደረሰ አሉ። ያለቀ ያህል ነው አልኩ። ፊታቸው በራ።

«ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው። ከዚያ በኋላ ውል ማደስ የሚባል ጣጣ የለብንም። ለጋሼም ደህና ሽኝት እናደርጋለን፤ ጋቢ ይገዛ ብያለሁ።»

ሁለተኛ ጋቢ ይሆናቸዋል ብዬ አሰብኩ። የማስበውን ስለማልናገር እሺ ብዬ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲው ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ቆሞ ከጥየቃ የሚመለሱ ሰዎችን ጫነ። አንዲት ሴት ባዶ የምግብ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ገና ሳንንቀሳቀስ እንቅልፍ ወሰዳት። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ለሹፌሩ «ይሄ ሕዝብ እኮ ሥራ አይወድም» ይለዋል። ሹፌሩ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ እንደሆነ ነገረው። ሰውዬው «አንተን አይደለም፤ በጥቅሉ ነው» አለ። በጥቅሉ ሲሆን ሁላችንም ሰነፎች ነን፤ አንድ በአንድ ሲቆጠር ግን ሰነፍ ከየትም አይገኝም። ቤት ገብቼ እራት ሳልበላ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳሁ። ደብተሩን ቤት ትቼው ነበር። ያቺን አንድ ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የጋሼ ውል ረቂቅ ነው። ለሁለት ዓመት፣ በአሠልጣኝነት። ያስተማሯቸው ሰዎች ሥራውን ቢችሉም ውሉ አይቋረጥም ይላል።»

«እኔ ያዘዝኩሽ ሌላ ነው።»

«እሱ ቤት ነው። ይሄ ሲፈረም አመጣዋለሁ።»

ወረቀቱን ትተው እኔን አዩኝ። የሙከራ ጊዜዬን ከጨረስኩ ገና ሁለት ወሬ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጋሼ ናቸው የላኩሽ?»

«ጋሼ አያውቁም። እሳቸውማ ስህተቱን አርመው ሰጥተውኛል።»

ይህን ሲሰሙ ወረቀቱን አንስተው አነበቡት። ሁለቴ ያነበቡት መሰለኝ።

«በሂደት እናየዋለን» አሉ። «አሁን ሂጂና ሰነዱን አምጪ።»

«ውላቸው የሚያበቃው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አልኩ። «ሂደቱ ረጅም ከሆነ እጠብቃለሁ።»

ከጠረጴዛው ፊት ያለውን ወንበር ሳብኩና፣ ተቀመጪ ሳልባል ተቀመጥኩ።