የሉባባ ላንድሮቨር ሆድ

መካኒኩ አለነ የሸሕዲ ከተማን ሰው የሚለየው በጫማው ነው። ዕድሜውን በመኪና ሥር ተንጋሎ ስለፈጀ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የሰው ገላ ብዙም አይደንቀውም። የዛገ አሮጌ መኪና ሲመጣለት ግን ዓይኑ ይበራል።

ሉባባ የሟች ባሏን ላንድሮቨር አስጎትታ ስትመጣ፣ የባሏ ወንድም ዑበይዳም ተከትሏት መጣ።

«ኸላስ፣ አብቅቶለታል!» አለ ገና ሳይቆም። «ሆዱ በስብሷል። ቆራርጬ ጋሪ አሠራበታለሁ።»

ውርሱን ያካፈሉት ሽማግሌዎች ፍርድ ይኸው ነበር፤ መኪናውን ከሥር የተሸከመው ሻንሲ ከበሰበሰ ብረቱ ለዑበይዳ፣ ከጸና መኪናው ለሉባባ።

አለነ ተንጋሎ ገባ። የዋልካ ጭቃ ሻንሲው ላይ ተጋግሯል። ትንሽ ፋቀና እጁን አሸተተ።

«እትዬ ሉባባ፣ ምን ቀብተውት ነው?»

«የሰሊጥ ዘይት ነዋ! በየክረምቱ አሸዋለሁ። የኔን ወገብ ያዳነ ዘይት ለብረት ያንሳል?»

«እርስዎማ ከታሹ በኋላ ጭቃ ላይ አይንከባለሉም። ዘይቱ ጭቃውን ያዘ፣ ጭቃው ውሃውን ያዘ፣ ውሃው ዝገቱን ጠራ።»

ሉባባ ከንፈሯን ነከሰች። «በገዛ እጄ ገደልኩታ?»

አለነ ጭቃውን አራገፈ፤ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ። ቀይ ዱቄት ፊቱ ላይ ዘነበ። ከሥሩ ግራጫው ብረት ብቅ ሲል ለብቻው ሳቀ። ዝገቱ ቆዳውን እንጂ ሥጋውን አልነካም። እጅ የማያስገባው፣ እጅግ የቀላው የመሐል ጥግ ብቻ ሲቀረው ተሳበና ወጣ።

«ጋሽ ዑበይዳ፣ በስብሷል ያሉት ያ የቀላው ጥግ ነው። ገብተው ይምቱት። ከተበሳ የርስዎ ነው» አለና ካሉት መዶሻዎች ትልቁን አቀበለው።

ዑበይዳ ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ገባ። ሲመታው ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ፤ የዝገቱ ቅርፊት አፉ ውስጥ ገባ። «ትፍ! ትፍ!» ደግሞ መታ። መንገደኛው ቆመ።

«ጠንከር ያድርጉት እንጂ! ወደ ግራም አለ!» አለ አለነ ቁጢጥ ብሎ እያየ። «ምሳ አልበሉም እንዴ?»

ዑበይዳ ክንዱ እስኪዝል ቀጠቀጠ፤ ብረቱ ግን አልተበሳም። በመጨረሻ ጢሙም ጀለቢያውም ቀልቶ ተጎተተና ወጣ።

«ውሰጂው!» አላት ሉባባን፤ የሚስቁትን ሳያይ ሄደ።

ሉባባ መኪናውን አቅፋ ልትስመው ዳዳት። «ቀለሙ የሚቀባው መቼ ነው?»

«አሁን ነዋ» አለ አለነ፣ የጸረ ዝገቱን ጣሳ ይዞ ወደ ሥር እየገባ። ያንን አስቸጋሪ ጥግ መፋቅ አላስፈለገውም፤ ዑበይዳ በመዶሻው ዝገቱን አጥርቶ አራግፎለታል።