የምድጃው ጥግ

በካቶሊክ ሲስተሮች ገዳም ልብስ አጣቢ ሆኜ ስቀጠር፣ ሥራውን ያሳየችኝ አንዲት ወጣት ሲስተር ነበረች። ውሃ የሚፈላበትን የምድጃ ጥግ ለራሷ ያዘችና፣ «እትዬ፣ እኔ ብርድ አልችልም፤ እርስዎ በመስኮቱ በኩል ይሁኑልኝ» አለችኝ። ወደዚያ ጥግ ዝር አላስብል አለች፤ ሙቅ ውሃውን እንኳ ራሷ ነበረች ቀድታ የምታመጣልኝ።

የኔ ምላስ መቼም አያርፍም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ «ቅምጥሏ ሙቀቱን ይዛ እኔን ለብርድ ሰጠችኝ» እያልኩ አማኋት። ዓይኗ ቀልቶ ሳይ፣ እናቷ ናፍቃት ስታለቅስ አድራ ነው እል ነበር።

በሃያ ሦስት ዓመቷ ትኩሳት ያዛትና በሳምንቱ አረፈች። በማግስቱ እሷ ቦታ ቆምኩ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ጭሱን የሚተፋው ለካ እዚያ ቦታ ላይ ነው። እስከ ረፋድ እንኳ መቆም አልቻልኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቅድስናዋን ሊመረምሩ የመጡ ቄስ፣ «ኃጢአት አይተውባታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዋሽታኛለች፣ አባ» አልኳቸው።

ደንግጠው ቀና አሉ። የምድጃውን ነገር ስነግራቸው አንድ በአንድ ጻፉት።

አሁን ቅድስት ተብላለች፤ ሰው በሥዕሏ ፊት ይንበረከካል። እኔም ጉልበቴ እያመመኝ እንበረከካለሁ። ሠዓሊው ግን ዓይኗን ጥርት አድርጎ ነው የሳለው። እኔ የማውቀው ዓይኗ ቀይ ነበር።