ጋሽ ሄራሞ በድምፅ ብቻ የሚያውቁት ኳስ

በዚያ ቅዳሜ አራት ነበርን። በደቡብ አፍሪካ፣ በአይቮሪ ፓርክ ሰፈር ለሃያ ዓመት ሱቅ የያዙት ጋሽ ሄራሞ፤ ከቤሪያ ሰፈር የመጣችው ነርስ እቴነሽ፣ የእህታቸው ልጅ፤ ከመሀል ከተማ ለሱቆቻችን ዕቃ የሚያመላልሰው ታምራት ከነባኪው፣ ከነፒክአፕ መኪናው፤ እና እኔ፣ በሱቁ አብሬያቸው የምሠራው።

የሄድነው ሲፎን ለማየት ነው። ሲፎ ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን አሥራ አንድ ዓመት የተጫወተ የክሪኬት ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ነው። ህንድም እንግሊዝም ሄዶ ወርውሯል፤ ወገቡን ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ያን ቀን የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። ልጅ ሳለ የሚለማመደው ከሱቃችን ጀርባ ነው። ሱቁ የብረት ኮንቴይነር ስለሆነ ኳሱ ሲያርፍበት ቤቱ በሙሉ ይጮሃል። ጋሽ ሄራሞ ከሽያጭ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ኋላ ደንበኛ ትተው ስለማይወጡ ለዓመታት የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። በሱቁ ያለን ሬዲዮ እንጂ ቴሌቪዥን አይደለም። ሲወረውር አንድም ቀን አላዩትም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሱቁን ለቀው ጠቅልለው ወደ ሆሳዕና ይገባሉ።

ሁለት ሰዓት ተኩል

ጋሽ ሄራሞ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጎትተው ፈተሹ። ሱቁ በቀን ተዘግቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በሚድራንድ በኩል ወጥተን ወደ ደቡብ ወረድን።

“ስምንት ሰዓት ላይ መሀል ከተማ ዕቃ እጭናለሁ” አለ ታምራት። “መምህር፣ ሰውዬው ስንት ሰዓት ይወረውራል?”

መምህር የሚለኝ ሁሉን በምጽፍበት ማስታወሻ ደብተሬ ሲቀልድ ነው። ክሪኬትን የተማርኩት ከሬዲዮና ከአሮጌ ጋዜጣ ቢሆንም እርግጠኛ ነበርኩ። “አራት ሰዓት። የመጀመሪያውን ኳስ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚወረውረው።”

ጋሽ ሄራሞ መስኮቱን እያዩ ተናገሩ። “ሱቁን መጀመሪያ የመታው ዕለት አንድ ሙሉ ትሪ እንቁላል ወደቀብኝ።”

“አላባረሩትም?” አለ ታምራት።

“ላባርረው ወጥቼ ነበር። ኳሷን አቅፎ ቆሟል። ተመለስኩና እንቁላሉን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዛወርኩት።”

ከዚያ በኋላ ብረቱ በጮኸ ቁጥር እሳቸው ከውስጥ “አማቃንዳ!” ይላሉ፤ በዙሉ እንቁላል ማለት ነው። ልጁ ከውጭ ይስቃል።

አራት ሰዓት

ስታዲየም ገብተን ታች፣ ከሜዳው ዳር ካለው ገመድ አጠገብ ተቀመጥን። የእኛ፣ የሲፎ ቡድን ኳሱን በዱላ ሊመታ ገባ፤ የሚወረውሩት እንግዶቹ ናቸው። ሲፎ ሜዳው ላይ የለም። አጠገባችን ያለውን ሰው ጠየቅሁት። ማን ቀድሞ እንደሚመታ የሚወስነው በሳንቲም ዕጣ ነው፤ ሲፎ የሚወረውረው ከምሳ በኋላ ነው አለኝ። ስለ ሳንቲሙ አንብቤ ነበር። ረስቼዋለሁ።

ለጋሽ ሄራሞ ነገርኳቸው።

“ከምሳ በኋላ ማለት ስንት ሰዓት ነው?” አሉ።

“ስምንት ከሩብ ገደማ።”

ታምራት የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ተነሣ። “ሂድ ልጄ፣ ሥራህ አይበደል፤ እኛ በታክሲ እንመለሳለን” አሉት ጋሽ ሄራሞ። ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አራት ኮካና አንድ ትልቅ ጥቅል ቺፕስ ታቅፎ መጣ።

“ዕቃው ሰኞ ይጫናል” አለ። “ስኳር የጠፋበት ደንበኛ ግን መልስ የሚያገኘው ከመምህር ነው።”

ስምንት ከሩብ

ሲፎ ሜዳው መሀል ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች ተነሥቶ እርምጃውን እየቆጠረ ራቀ፤ በጫማው ሣሩን ጭሮ ምልክት አደረገ። እኔም ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ከሱቃችን ግድግዳ ጀርባም ሲነሣ አሥራ ዘጠኝ ኮቴ ይሰሙ እንደነበር ጋሽ ሄራሞ ነግረውኛል። ቁጥሩ ያው ነው፤ የረዘመው እግሩ ነው።

መሮጥ ሲጀምር ጋሽ ሄራሞ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ጋሼ፣ ለማየት አይደል እንዴ የመጣነው?” አለች እቴነሽ።

“ቆይ፣ መጀመሪያ እሱ መሆኑን ልወቅ።”

ኮቴው መጣ። ዝም አለ። ከዚያ ኳሱ የመቺው ዱላ ላይ ጮኸ።

“እሱ ነው” አሉና ዓይናቸውን ከፈቱ። የቀሩትን አምስት ኳሶች ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አዩ።

የአንድ ተራ ስድስት ኳሱን ሲጨርስ ሌላ ወርዋሪ ተተካና ሲፎ ኳስ ሊጠብቅ እኛ ወዳለንበት ዳር መጣ። ጋሽ ሄራሞ ተነሥተው ከፊታችን ያለውን የተመልካች አጥር ያዙ። ጮኹ፦ “አማቃንዳ!”

ሲፎ ዞረ። በተመልካቹ መሀል ፈለገ፣ አገኛቸው፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ገመዱን ተሻግሮ አጥሩ ድረስ መጣና ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራቸው። ዳኛው ሲጠራው ሮጦ ተመለሰ።

አሥራ ሁለት ሰዓት

አይቮሪ ፓርክ ስንደርስ ዳቦ የሚጠብቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሄራሞ አስቀድመው ወደ ሱቁ ጀርባ ዞሩ። ኳሱ በብረቱ ላይ የተወውን ስርጉድ ሁሉ አንድ በአንድ በመዳፋቸው ነኩና መጥተው ሱቁን ከፈቱ።

ሰዓቱን በትክክል ነግሬያቸው ቢሆን ከምሳ በኋላ ነበር የምንሄደው፤ እኔም እኚህን ሰው ያለ ፍርግርግ፣ ማንም ዳቦ ሳይጠይቃቸው፣ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው አላይም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ የሳትኩትንም እጽፋለሁ።

አንድ መስመር ግን ባዶ ነው። ሲፎ አጥሩ ላይ ያላቸውን በሰው ጩኸት አልሰማሁም፤ ጋሽ ሄራሞም ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ሄዱ። እቴነሽ፣ ታምራት፣ እናንተም ያን ቀን ከኋላችን የተቀመጣችሁ፣ የሰማችሁት ካለ ጨምሩበት።