ሞጆ ሰው አለኝ

ላፕቶፔ እስኪነሳ ሽንኩርት ከትፌ እጨርሳለሁ። እንጀራዬ ግን በእሱ ነው፤ አዳማ ውስጥ የፍርድ ቤትና የውል ወረቀት ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እተረጉማለሁ። ባለጉዳይ ደግሞ አይጠብቅም። ቆሞ ስክሪኑን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ "መጣሁ" ብሎ ይወጣና ከጎኔ ያለው ተርጓሚ ጋ ይገባል።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ከፍቶ አየውና ሜሞሪ ቢጨመርለት፣ ሃርድ ዲስኩም ቢቀየር ገና ያገለግልሻል አለኝ። ላሳድሰው ወይስ አዲስ ልግዛ እያልኩ ሳመነታ እናቴ ቤት ሄጄ አወራሁት። ጉዴ የፈላው ያን ጊዜ ነው።

አዳማ ላይ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሞጆ ሰው የለህም?" ተብሎ ነው። እኔ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ያስለቅቃል። እንዲህ ያለ ወንድም እያለ ሱቅ ገብቶ መግዛት እሱን መናቅ ነው፤ አሮጌ ማስጠገንማ ጭራሽ ስድብ ነው። እናቴ ነገረችው፣ እሱም ወዲያው ደወለ።

"እኔ ቆሜ አሮጌ ታስጠግኛለሽ? ሰው ምን ይለኛል?"

አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ በሚመጣው ኮንቴይነር ሊያመጣልኝ ቃል ገባ። ጠበቅሁ። ኮንቴይነሩ ገና ጅቡቲ ነው አለኝ። ቀጥሎ የሚያውቀው ሰው ፈቃድ ወጥቷል አለኝ። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ፣ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሄዱ። ላም አለኝ በሰማይ! በራሴ ገንዘብ፣ ለራሴ ሥራ፣ ራሴ መወሰን ያቃተኝ የእሱ ስም እንዳይጎድፍ ተብሎ መሆኑን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቢሾፍቱ የዘመድ ሰርግ ተጠራን። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ፍሪጅዋ ታወራኝ ጀመር። ወንድሜ ሊያመጣላት ከአምና ጀምሮ ትጠብቃለች፤ እስከዚያው ሥጋዋን ጎረቤት ታስቀምጣለች። ደግሞ አልከፋትም፣ "ከወደብ ሲመጣ ይረክሳል" እያለች ደስ ብሏታል። ደሜ ፈላ። ተነስቼ ወንድሜ ከአማቾቹ ጋር ወደቆመበት ሄድኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ላፕቶፑን ተወው። አታመጣውም። የአክስቴንም ፍሪጅ አታመጣም።"

በማግስቱ ላፕቶፔን ለጠጋኙ ሰጠሁት፤ ማታውኑ መለሰልኝ። አሁን ገና ወንበሬን ሳላስተካክል ይነሳል። ከሄዱት ደንበኞች ግን የተመለሱት ጥቂት ናቸው።

ቤተሰቡን ያሳሰበው ይህ አይደለም። ታላቄን በአማቾቹ ፊት አዋርጃለሁና ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ። ከሁሉ በላይ የጨቀጨቀችኝ ደግሞ አክስቴ ናት፣ ፍሪጁ እንዳይቀርባት ፈርታ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። እናቴ እንቅልፍ አጣሁ ስትለኝ እሷን ብዬ፣ ከእሷው ጋር ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

ወንድሜ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ። እንደ ትልቅ ሰው ይቅር አለኝ። አልፎም ፕሪንተሬ ማርጀቱን መስማቱን፣ በሚመጣው ኮንቴይነር አዲስ እንደሚያመጣልኝ ነገረኝ። እናቴ "እግዜር ይስጥህ" ብላ መረቀችውና አመስግኚው እንጂ በሚል ዓይን አየችኝ።

ቀና አልኩ።

"እኔ ነገ ሱቅ ገብቼ እገዛለሁ" አልኩት፣ "አንተ ለራስህ አምጣ።"