ከበሬ የተማርኩት መርፌ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዛሬ እዚህ የወጣሁት ጌታ ያደረገልኝን ለመናገር ነው። ሽማግሌዎቹ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። እኔን የሚያውቅ ሰው፣ አሥር ደቂቃ ስሜን ለማስተዋወቅ እንኳ እንደማይበቃኝ ያውቃል። እስቲ እሞክራለሁ።

ተሾመ እባላለሁ። አሁን ቡራዩ ነው የምኖረው። ያኔ ግን ሰበታ ነበርኩ፣ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ የኬሚካል ስቶር ጠባቂ። ሰው ሁሉ የሚጠራኝ ግን “ዶክተር” እያለ ነው። ስሙን ማን አወጣልህ ብትሉኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ። ስቶሩ ግድግዳ ላይ የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥን ተሰቅሏል፣ የእርሻው ነርስ ሲስተር ሂሩት በሌለችበት ሰዓት የሚከፈት። ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው። ቁልፍ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። “ውትድርና ሳለሁ ቁስለኛ በመርፌ ስወጋ፣ ስሰፋ ነው የኖርኩት” እያልኩ አወራለሁ። ወገኖች፣ ውትድርና በደጃፌም አላለፈም። በውሸት እንኳ እኩያ አልነበረኝም።

ሣጥኑ ውስጥ ለአለርጂ የሚሆን አድሬናሊን አለ፣ ስኳሩ ለወረደበት ሰው ግሉኮስ አለ፣ ለረጪዎች ደግሞ አትሮፒን አለ። የተባይ መርዝ የገባበት ሰው ሳንባው በራሱ ፈሳሽ ይሞላል፤ አትሮፒን እሱን ያደርቃል። ይሄንን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው ጎብኚ ሲመጣ ሣጥኑ ማማር እንዳለበት ነው። ስለዚህ ብልቃጦቹን ከካርቶናቸው አወጣሁና በቁመት በቁመታቸው አሰለፍኳቸው። ካርቶኖቹን ከነመመሪያቸው ጣልኩ። ጎብኚዎቹ ፎቶ አንስተውታል።

ጳውሎስ የሚባል ረጪ ነበረን፣ ከሆሳዕና የመጣ። ሚስቱ ማርታ አበባ ማሸጊያው ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱም የጌታ ናቸው፣ እኔ ደግሞ በእነሱ ስቀልድ ነው የምውለው። ምሳ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ “ስትገልጡ ሥጋው አይኖርም” እላቸዋለሁ። አንድ ቀን የእውነት በልቼባቸዋለሁ።

ማርታ አንድ ጊዜ ስቶር መጣችና “ጋሽ ተሾመ፣ ባሌ ረጪ ነው። ለእሱ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ አሳየኝ” አለችኝ።

“እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ እንዴ?”

“ትንሽ ትንሽ። አሥረኛ ጨርሻለሁ።”

“ትንሽ ትንሽ ሰው ይገድላል። ይሄ የባለሙያ ነገር ነው፤ አንቺ ጽጌረዳሽን እሰሪ።”

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ አማርኛ ያነበብኩት ራሴን በራሴ አስተምሬ ነው፣ ሱቅ ዕቃ በሚጠቀለልበት ጋዜጣ። እንግሊዝኛው ላይ አልደረስኩም።

ከዚያ ያ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ መጣ። መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ድንጋይ ያስቀመጠም ድንጋይ ያነሳም አለ፤ አልጠይቅም። አንድ ቀን ጠዋት ግማሹ ሠራተኛ አልገባም። ሲስተር ሂሩት የተሳፈረችበት ሰርቪስ ዓለም ገና ከተማ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል። ጳውሎስ ቤቱ እርሻው አጥር ሥር ስለሆነ ገባና ብቻውን መርጨት ጀመረ። አራት ሰዓት ላይ የመርጫው ቱቦ ተላቅቆ ከወገቡ በታች አራሰው። ልብሱን ሳይቀይር ሥራውን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ሰዎች ተሸክመው አመጡና ስቶሩ በር ላይ አስተኙት።

አፉ አረፋ ይደፍቃል። ላቡ ከሥሩ ያለውን ወለል አርሷል። የዓይኑ ጥቁር ነጥብ የመርፌ ቀዳዳ አክላለች። ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስላል።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። “ዶክተር፣ ምን ይሁን?”

“ወተት አምጡ” አልኩ። እዚያ እርሻ ለረጪ በየቀኑ ወተት ይሰጠዋል፣ መርዝ ያጥባል ይባላል። የማውቀው መድኃኒት እሱ ብቻ ነው። ኩባያውን ወደ አፉ ሳስጠጋ፣ ከማሸጊያው ሮጣ የደረሰችው ማርታ እጄን ያዘችኝ።

“አይውጥም እኮ ጋሼ። ታንቀዋለህ።”

ለሲስተር ሂሩት ደውላ የሆነውንም የወተቱንም ነገረቻት፤ ስልኩንም ላውድ ስፒከር ላይ አደረገችው። ሃያ ሰው ይሰማል።

“ወተቱን ድፉት” አለች ሲስተር። “ጓንት አድርጉ፣ ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙና እጠቡት፣ በጎኑ አስተኙት። ተሾመ፣ አትሮፒኑን አውጣ።”

ሣጥኑን ከፈትኩት። ብልቃጦቹ ተሰልፈው ያዩኛል። ጎን ለጎን ያቆምኳቸው በቁመትም በውፍረትም አይለያዩም፤ ካርቶናቸውን ጥዬ ያመሳሰልኳቸው እኔው ነኝ።

“አወጣህ?”

“እያወጣሁ ነው።”

“ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ።”

ፊደሎቹን አገላብጬ አየኋቸው። አንዱን አንስቼ “ይሄው አትሮፒን” ብል ማንም አያውቅብኝም። ልለውም ነበር፤ አንዱን አንስቼ ይዣለሁ።

ማርታ ተንበርክካ የባሏን እግር ታጥባለች። ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦ “ጌታ ሆይ፣ የጋሽ ተሾመን እጅ ያዝ።”

የባሏን ስም አልጠራችም። የእኔን ነው የጠራችው።

“ሲስተር” አልኩ፣ “እንግሊዝኛ አላነብም። ሐኪም አይደለሁም። ወታደርም አልነበርኩም።”

ከኋላ አንዱ “ታዲያ ምንድን ነህ?” አለ።

“ሆለታ የከብት ሐኪም ረዳት ነበርኩ። በሬ ነው ስወጋ የኖርኩት።”

ይሄን ስንት ዓመት ደብቄዋለሁ። “ዶክተር” የሚለው ስም ከበሬ ጋር አይሄድማ።

ሲስተር ሂሩት ጠየቀች፦ “በሬ? ጡንቻ ላይ?”

“ጡንቻ ላይ።”

“ስንት በሬ?”

“አንድ ወረዳ ሙሉ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ሰው ከበሬ ይቀላል፣ አይረግጥህም። ማርታ፣ እጅሽን ታጠቢና አንቺ አንብቢ።”

ማርታ መጀመሪያ እጄ ላይ ያለውን ብልቃጥ ወስዳ ብርሃን ላይ አየችው። አድሬናሊን ነበር። ወደ ጎን አስቀመጠችው። አትሮፒኑን አሥር ብልቃጥ ለይታ ደረደረችልኝ።

ሲስተር እንዳለችኝ ሁለቱን ቀድቼ ጭኑ ላይ ወጋሁት። መርፌው ቆዳውን ሲነካ እጄ የድሮ ሥራውን አወቀ። ክብር ለጌታ ይሁን፣ ትንሽ ደግሞ ለበሬዎቹ። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ሁለት ሁለት። ልቡ እንደ ፈረስ ሲጋልብ ፈራሁ።

“ልቡን ተወው፣ ደረቱን ስማ” ትለኛለች ሲስተር። “ደረቀ?”

“አልደረቀም።”

“ቀጥል። ደረቱ ሳይደርቅ እንዳታቆም።”

ስምንተኛው ሲያልቅ ፍላቱ ቀነሰ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀድቼ እንደያዝኩ ጳውሎስ ዓይኑን ገለጠ። “ውሃ” አለ። “አፌ ደረቀ።”

ሲስተር ስልኩ ውስጥ አለቀሰች። “አፌ ደረቀ” ማለት እንደዚያ ሲያስደስት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በእጄ ከያዝኳቸው ሁለቱ በቀር ግን መድኃኒቱ አልቋል፣ መንገዱም ዝግ ነው። የበሩ ዘበኛ ኦቦ ገመቹ ገና ጳውሎስ ሲወድቅ መንገድ ወደዘጉት ልጆች ሄደው ነበር። እርሻው ያረፈበት መሬት ድሮ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነው፤ ልጆቹም ያውቋቸዋል። የእርሻው ፒክአፕ ጳውሎስን ይዞ ሲደርስ ድንጋዩን ያነሱት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ አንዱም ከፊት ተሳፍሮ ቀጣዩን መዝጊያ አስከፈተ። በኋላ “ኦቦ፣ ምን ብለዋቸው ነው?” ስላቸው፣ “የታመመ ሰው አለ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?” አሉኝ።

ሆስፒታል ሐኪሙ “መርፌው ባይቀድም ኖሮ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ። ማነው የወጋው?” አለ።

ደረቴን ነፋሁ። “እኔ ነኝ።”

“የት ተማርክ?”

“በሬ ላይ።”

ቀና ብሎ አየኝና “ጎበዝ በሬ ነበር” አለ።

ጳውሎስ በሳምንቱ ከሆስፒታል ወጣ። ማርታን ጠየቅኳት፤ “ባልሽ እየሞተ ለእኔ የጸለይሽው ለምንድን ነው?”

“ጋሼ፣ ጳውሎስ ቢሞት እንኳ የሚሄድበትን ያውቃል። አንተ ግን የያዝከውን አታውቅም ነበር።”

በዚያው እሑድ ተከትያቸው ሄድኩ፤ ጌታንም ተቀበልኩ። አሁን የምሠራበት ወርክሾፕ ሣጥን ውስጥ መድኃኒቱ ሁሉ ከነካርቶኑ ነው፣ አያምርም። በሩ ላይ የትኛው ለምን እንደሆነ በአማርኛና በኦሮምኛ ተለጥፏል። የድንገተኛ ርዳታ ሥልጠናም ወስጃለሁ፣ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ይቺን ጉራ ጌታ ገና አልጨረሳትም፣ እየሠራባት ነው።

ወገኖች፣ ለጌታ የሚጠቅም ምንም የለኝም የምትሉ ካላችሁ፣ የምታፍሩበትን ነገር ስጡት። እኔ የሰጠሁት በሬ ነው፣ ተቀብሎኛል። ስሙ ይባረክ።

ጳውሎስና ማርታ እዚያ ከኋላ ተቀምጠዋል። ዛሬ ምሳ እነሱ ቤት ነኝ። ሲጸለይ እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጳውሎስ ግን እስከ ዛሬ አንዱን ዓይኑን ከፍቶ ሥጋውን ይጠብቃል።