አጎቴ ለዕይታ የቀረበበት መናፈሻ

ናዝሬት የትርዒት መናፈሻ ነበራት ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የኪነትን ታሪክ ከነሕይወቱ የሚያሳይ መናፈሻ ሠርቶ ነበር። መናፈሻ ማለት እንግዲህ በተወረሰ ሲኒማ ቤት ግቢ ውስጥ የቆሙ ሦስት የቆርቆሮ ዳሶች ናቸው፦ የፊውዳል ኪነት፣ የቡርዥዋ ኪነት፣ አብዮታዊ ኪነት። አብዮታዊዎቹ እኛ ነን፤ ካኪ ለብሰን ቡጢ የምንጨብጥ የወጣት ማኅበር ልጃገረዶች።

ለፊውዳሉ ከሞጆ አንድ አዝማሪ አመጡ። ቡርዥዋው ግን ቸገረ፤ ማን ቡርዥዋ ነኝ ይበል? በመጨረሻ የእናቴን ታናሽ ወንድም መረጡ። አጎቴ ከአብዮቱ በፊት በምሽት ክበብ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ክበቡ ሲወረስ ሳክስፎኑም አብሮ ተወረሰና በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ከስኳር ኬሻ ሥር ተጣለ። የራሴ ዕቃ ነው ቢል ማን ይስማው! ከዚያ ወዲህ ልቡ ቤት አልነበረም፤ ስናወራው እንኳ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይርመሰመሳሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርቶ፣ "ሳክስፎኑን ይዘህ ትቆማለህ፤ ምረቃው ካማረ ቤትህ ትወስደዋለህ" አለው። "ግን እንዳትነፋ! ያለፈ ሥርዓት ድምፅ የለውም።"

አጎቴ አንገቱ ላይ "በዝባዥ" የሚል ሰሌዳ አንጠልጥሎ፣ ጎብኚ እንዳይጠጋ ከተወጠረ ገመድ ኋላ ቆመ። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ማንን እንደበዘበዘ እግዜር ይወቅ።

በምረቃው ቀን ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን መጡ። ሁለቱን ዳስ ጎብኝተው እኛ ጋ ሲደርሱ መብራት ጠፋ። የቆቃ ግድብ አፍንጫችን ሥር እያለ! እኛ እኮ አፋችንን እናንቀሳቅሳለን እንጂ የሚዘፍነው ቴፑ ነው። ቡጢያችንን እንደጨበጥን ደርቀን ቀረን። ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆኖ ወደ አጎቴ ዞረና፣ "አንተ በዝባዥ! የአብዮቱን ማርሽ ንፋ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" ብሎ ጮኸ።

ነፋው። ኧረ እንዴት አድርጎ ነፋው! ማርሽ ብሎ ጀመረና መሐል ላይ ወገብ የሚያነቃንቅ ዜማ ሆነ። ለምረቃው የመጡት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች እስክስታ ወረዱ፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከፊውዳሊዝም በገመዱ ሥር ሾልኮ መጣ። እንግዳው ሳይቀሩ በጫማቸው ምቱን ይመቱ ነበር። ሲያበቃ ግን ኮስተር ብለው፣ "እንዲህ ያለ ቡርዥዋ በአገሪቱ የለም፤ እንዳይጠፋ በጥንቃቄ ይያዝ" ሲሉ አዘዙ።

አለቀ። ሳክስፎኑ የመናፈሻው ቋሚ ንብረት ሆነ፤ አጎቴም እንዲሁ። በየእሑዱ ሰሌዳውን አንጠልጥሎ ይነፋል፤ ሰው በጋሪ እየመጣ ያጨበጭብለታል፤ ከዚያ ሳክስፎኑ ይቆለፍበታል። "አንድ ቀን እንኳ ቤቴ ይዤው ብገባ!" እንዳለ ዓመታት አለፉ። እኔ በሊቀመንበሩ ላይ ያኔ የቋጠርኩት ቂም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ የመናፈሻውን ቆርቆሮ ሲነቅል፣ አጎቴ ሳክስፎኑን አቅፎ ቤት ገባ። እልል አልን። እናቴ፣ "በል አሁን ለእኔ ንፋልኝ" አለችው። አፉ ላይ አደረገው፤ አወረደው፤ እንደገና አደረገው። ምንም አልወጣ አለ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "እስቲ ገመድ ወጥሩልኝ" አለ።

እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። እናቴ ወጥታ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታችና ከበሩ እስከ ቁም ሳጥኑ ወጠረችው። አጎቴ ከገመዱ ኋላ ቆሞ ነፋ፤ እናቴ ከወዲህ ሆና እያለቀሰች አጨበጨበችለት።